መንገድ መሪው ከመኪናው ጋር ይሠራ ወይስ ከኪስ ይውጣ?

የመኪና ንግድ በደራበት አገር ሁሉ አንድ ክርክር ከተነሣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይኸውም፣ መንገድ የሚያመለክተው መሣሪያ በፋብሪካ ከዳሽቦርዱ ጋር አብሮ ተሠርቶ ይምጣ ወይስ ባለመኪናው እንደ እጅ ሰዓት ለብቻው ገዝቶ በኪሱ ይዞት ይዙር የሚለው ነው። መኪና የሌለው አንባቢ «ይህ ደግሞ እኔን ምን ያገባኛል?» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውም ሰው መኪና የለውምና አብረን ብንቈይ መልካም ነው። በታክሲ የሚሳፈር ሁሉ፣ በመሥሪያ ቤት መኪና ወደ ሩቅ ወረዳ ለሥራ የሚላክ ሁሉ፣ በእኩለ ሌሊት ለታመመ ዘመዱ አምቡላንስ የሚጠራ ሁሉ፣ ሳያውቀው የዚህ ክርክር ተካፋይ ነው። ሾፌሩ ቤቱን የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ በሚታየው ካርታ እየሆነ ሄዷልና።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ ነው ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሸክላ እስከ ካሴት

ክርክሩ ከሳተላይት ጋር አብሮ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ግን አይደለም። በ1909 ጆንስ የተባለ፣ ቀደም ሲል በሸክላና በፍጥነት መለኪያ ሥራ የታወቀ አሜሪካዊ፣ «ሕያው ካርታ» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በመሣሪያው ላይ እንደ ዘፈን ሸክላ ያለ ክብ ወረቀት ይቀመጥበታል፤ ከጎማው የሚመጣ ሽቦ መኪናው በሄደ መጠን ወረቀቱን ቀስ እያለ ያዞረዋል። በወረቀቱ ዙሪያ «በዚህ ማይል ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ በዚህ ማይል ድልድይ አለ» የሚል ጽሑፍ በተራ ታትሞበታል፤ ጽሑፉ ከአመልካቹ ፊት ሲደርስ ሾፌሩ አንብቦ ይታጠፋል። አንድ ወረቀት ለአንድ መንገድ ብቻ ነው። የሾፌሩ መከራ የሚጀምረው ግን ምሳ ለመብላት ከመንገዱ ወጣ ያለ እንደ ሆነ ነው፤ ጎማው የሚዞረው ለምሳ ይሁን ለጕዞ ካርታው አያውቅምና ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

በ1920ዎቹ ዓመታት ደግሞ በእንግሊዝ አገር በእጅ አንጓ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰር፣ በትንንሽ እንጨቶች ላይ የተጠቀለለ ካርታ ያለው መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። ሾፌሩ በጣቱ እያዞረ ያነበዋል። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች ገና ያን ጊዜ ተለያይተው ነበር ማለት ነው፤ አንደኛው ከጎማው ጋር የተሳሰረ፣ ሁለተኛው ከሰውዬው ጋር የሚሄድ።

በ1981 የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ በአኮርድ መኪናው ላይ የገጠመው መሣሪያ የመጀመሪያውን ወገን ወደ ፊት አራመደው። በመሣሪያው ውስጥ የሂሊየም ጋዝ የሚነፍስበት ጋይሮስኮፕ ነበረ፤ መኪናው ሲታጠፍ የጋዙ ንፋስ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ከዚያ የመኪናው አቅጣጫ ይለካል። ካርታው ብርሃን በሚያሳልፍ ሉህ ላይ የታተመ ሆኖ በትንሽ ስክሪን ፊት ይገባል። ሾፌሩ ከሉሁ ዳርቻ ሲደርስ ያንን አውጥቶ የሚቀጥለውን ያስገባል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ኤታክ የተባለ ኩባንያ ካርታውን በካሴት ላይ ቀዳው። በጎማዎቹ ላይ ማግኔት፣ በመኪናው ውስጥ ኮምፓስ ተደረገ፤ ትንሹ ኮምፒዩተር የተሄደውን ርቀትና አቅጣጫ እየደመረ መኪናው የት እንዳለ ይገምታል። ግምቱ ሲዛባ የሚያርምበት ዘዴ እጅግ ብልህ ነበር፤ «መኪና በመንገድ ላይ እንጂ በሰው ግቢ ውስጥ አይሄድም» ከሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነጥቡን ቅርብ ወዳለው መንገድ ይስበዋል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በሁሉም መሣሪያዎች ውስጥ አለ።

የኩባንያው ስም የተወሰደው ከሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ነው። በዚያ የሚኖሩት ባሕረኞች ኮምፓስ ሳይኖራቸው በከዋክብት እየተመሩ ከደሴት ደሴት ሲሻገሩ፣ ታንኳቸው ባለበት ቆሞ ደሴቶቹ ወደ እነርሱ የሚመጡ አድርገው ያስባሉ። ኤታክ የዚህ አስተሳሰብ ስም ነው። በዛሬው ስክሪን ላይ የመኪናዋ ምልክት መካከል ላይ ቀጥ ብላ ከተማው በዙሪያዋ ሲሽከረከር ያየ ሰው የእነዚያን ባሕረኞች ጥበብ ነው የተመለከተው።

ሳተላይቱ የሚናገረው ሰዓት ብቻ ነው

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለውን ዘዴ የጀመረው በ1973 ነው፤ የመጀመሪያው ሳተላይት የተተኰሰው በ1978 ነበር። ዓላማው ወታደራዊ ነው። በመስከረም 1 ቀን 1983 አንድ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሰማይ በመግባቱ ተመትቶ ወደቀና 269 ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ዘዴው ተሠርቶ ሲያልቅ ለዓለም ሁሉ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቁ። ዘዴው ሙሉ ሥራውን የጀመረው በ1995 ነው፤ ቢሆንም ለሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ የተበላሸ ስለ ነበረ እስከ መቶ ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችል ነበር። መቶ ሜትር ለመርከብ ምንም አይደለም፤ ለከተማ መኪና ግን ሌላ መንገድ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በግንቦት 2000 መጀመሪያ ይህን ማበላሸት ሲያስቆሙ ስሕተቱ ወደ ዐሥርና ሃያ ሜትር ወረደ።

አሠራሩን ለተማሪዎች ሳስረዳ ሁልጊዜ ከሰዓት እጀምራለሁ። ሳተላይቶቹ በሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እየዞሩ ያለ ማቋረጥ የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ነው፤ ሰዓቱ ይህን ያህል ነው» ይላሉ። ይህ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ወደ ምድር ሲደርስ ከአንድ ሴኮንድ መቶኛ እጅ ስድስት ወይም ሰባት ያህል ይፈጅበታል። በእጃችን ያለው መሣሪያ የዘገየበትን ጊዜ በፍጥነቱ አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። ከሦስት ሳተላይቶች ያለውን ርቀት ያወቀ ሰው ያለበትን ቦታ ያውቃል። ታዲያ አራተኛው ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ የእኛ መሣሪያ ሰዓት ርካሽ ስለ ሆነ ነው፤ አራተኛው ሳተላይት የርካሹን ሰዓት ስሕተት ለማረም ይረዳል። የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ብትሳሳቱ ሦስት መቶ ሜትር ተሳስታችኋል። የአይንስታይንን ትምህርት «ለፈተና ካልሆነ ምን ይጠቅማል?» ለሚሉ ተማሪዎች ደግሞ ይህን እጨምርላቸዋለሁ፤ በሳተላይቶቹ ላይ ያሉት ሰዓቶች ከምድር ሰዓት ይልቅ በቀን 38 የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ያህል ይፈጥናሉ፤ ይህ በአይንስታይን ስሌት ባይታረም መሣሪያው በአንድ ቀን ውስጥ ከዐሥር ኪሎ ሜትር በላይ ይስት ነበር።

ለክርክራችን የሚጠቅመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሳተላይቱ መንገድ አያውቅም፤ ድልድይ መፍረሱን፣ ጐዳናው ባለ አንድ አቅጣጫ መሆኑን፣ የእትዬ እገሊት ሱቅ የት እንዳለ አያውቅም። እኛን ስንኳ አያየንም፤ መሣሪያችን ሰሚ እንጂ ተናጋሪ አይደለም። ሰማዩ ለባለ ብዙ ሚሊዮኑ መኪናና ለድኻው ስልክ የሚሰጠው ያንኑ ምልክት ነው። ልዩነቱ ሁሉ ከምልክቱ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ማለት አንቴናው የት ተቀመጠ፣ ምልክቱ ሲጠፋ ምን ይደግፈዋል፣ ካርታው የመቼ ነው፣ ዋጋውስ ስንት ነው።

ገበያው እንዴት ተገለበጠ

በፋብሪካ ጂ.ፒ.ኤስ. ተገጥሞለት የተሸጠው የመጀመሪያው መኪና በ1990 በጃፓን የወጣው የማዝዳ ዩኖስ ኮስሞ ነው። በዚያው ዓመት ፓዮኒር የተባለው የሬዲዮ ፋብሪካ በማንኛውም መኪና ላይ ሊገጠም የሚችል መሣሪያ አወጣ፤ ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ዓመት ተወለዱ ለማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ባለፋብሪካዎቹ አሸነፉ። በአሜሪካ በ2000 ገደማ ከመኪናው ጋር የሚመጣው መሣሪያ ሁለት ሺህ ዶላር ያህል ያስጨምር ነበር፤ ካርታው በሲዲ በኋላም በዲቪዲ የተቀዳ ሆኖ፣ አዲስ ካርታ የፈለገ ሰው እንደ ገና ብዙ ገንዘብ ከፍሎ አዲስ ዲቪዲ ይገዛል። ብዙ ሰው አይገዛም። ውጤቱም፣ የአምስት ዓመት መንገድ የሌለበት ካርታ በሚያምር መኪና ውስጥ ሲንከራተት ይታያል።

ተንቀሳቃሹ ወገን በ1998 በጋርሚን ኩባንያ «ስትሪት ፓይለት» ጀምሮ፣ በ2004 የሆላንዱ ቶምቶም «ጎ» የተባለውን መሣሪያ ባወጣ ጊዜ ጕልበት አገኘ። በመስተዋቱ ላይ በላስቲክ ተለጥፎ ይቆማል፤ ገመዱ በሲጋራ መለኰሻው ቀዳዳ ይገባል፤ ያለቀ ነገር ነው። የመኪና ሻጭ አያስፈልገውም፣ መካኒክ አያስፈልገውም። ዋጋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሁለት መቶ ዶላር በታች ወረደ። አንድ ጉድለቱ ሌባ መጥራቱ ነው። ባለቤቱ መሣሪያውን ነቅሎ ቢደብቀውም የላስቲኩ ክብ ምልክት በመስተዋቱ ላይ ስለሚቀር ሌባው ዕቃው ሳጥን ውስጥ መኖሩን ይረዳል፤ የእንግሊዝ ፖሊሶች «ምልክቱን በጨርቅ ጥረጉ» እያሉ ሕዝቡን እስከ ማስጠንቀቅ ደርሰው ነበር።

ይህ ድል ዕድሜው አጭር ሆነ። በጥቅምት 2009 ጉግል በስልክ ላይ በድምፅ መንገድ የሚመራ ካርታ በነፃ እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ፣ በዚያኑ ቀን የጋርሚን አክሲዮን ከመቶ 16 እጅ፣ የቶምቶምም ከመቶ 20 እጅ ገደማ ወደቀ። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ራሱ መንገድ መሪ ከሆነ ለብቻው የሚገዛው ሣጥን ምን ይሠራል? እንዲያውም ዛሬ «ተንቀሳቃሽ መሣሪያ» ሲባል ለብዙ ሰው ስልኩ ማለት ነው። ሣጥኑ ግን ፈጽሞ አልሞተም፤ የመኪናቸውን ቁመትና ክብደት አስገብተው ዝቅተኛ ድልድይ የሚያስቀርላቸውን መንገድ የሚፈልጉ የትልልቅ ካሚዮን ሾፌሮች ዛሬም ይገዙታል።

ለሁለቱም ፍርድ እንስጥ

ከመኪናው ጋር የተሠራው መሣሪያ የማይካድ ብልጫ አለው። አንቴናው በጣራው ላይ ስለሚሆን ሰማዩን በደንብ ያያል፤ ስልክ ግን ከመስተዋቱ በስተ ውስጥ ነው፤ ሙቀት ለመከላከል በብረት ብናኝ የተቀባ መስተዋት ከሆነ ምልክቱን ይጋርድበታል። ከዚህም ይልቅ የሚበልጠው ከጎማው ጋር መተሳሰሩ ነው። መኪናው በረጅም ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሳተላይት አይሰማም፤ የስልኩ ነጥብ ቆሞ ይቀራል ወይም በግምት ይንከላወሳል፤ የመኪናው መሣሪያ ግን የጎማውን ዙርና የጋይሮስኮፑን ልክ እየደመረ መንገዱን ይቀጥላል። የዋሻው ውስጥ መንታ መንገድ ባለባቸው ከተሞች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ብልጫ ተጨምሯል፤ መሣሪያው የባትሪውን መጠን ስለሚያውቅ «በዚህ አቀበት አትደርስም፤ እዚህ ጋ ሙላ» ብሎ ይመክራል።

ጉድለቱ አንድ ነው፤ ግን ከባድ ነው። መኪና ሃያ ዓመት ይኖራል፤ ኮምፒዩተር በአምስት ዓመት ያረጃል። ሁለቱን በአንድ ዳሽቦርድ ውስጥ ማጋባት ወጣት ከሽማግሌ ጋር እንደ ማጋባት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ቀድሞ የሚያረጀው ወጣት መስሎ የታየው መሆኑ ነው። ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። ሳተላይቶቹ ጊዜን የሚቈጥሩት በሳምንት ነው፤ የቀድሞው አቈጣጠር 1024 ሳምንት ሲሞላ፣ ማለት ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መሣሪያው ይህን አውቆ ማረም አለበት። በጥር 2022 ግን በፋብሪካ መንገድ መሪ የተገጠመላቸው ብዙ የቀድሞ ሆንዳና አኩራ መኪናዎች ሰዓታቸው በድንገት ወደ ጥር 2002 ተመለሰ፤ ወራት ሙሉም በዚያው ቈየ። በዚያው በ2022 በአሜሪካ የ3ጂ መረብ ሲዘጋ በእርሱ ይሠሩ የነበሩ አያሌ መኪናዎች የካርታ ማደሻና የአደጋ ጊዜ ጥሪ አገልግሎታቸውን አጡ። ስልክ ሲያረጅ ይለወጣል፤ የመኪና ዳሽቦርድ ግን እንዴት ተደርጎ?

በበኩሌ ምርጫዬ ከኪስ የሚወጣው ነው። ምክንያቴም የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ካርታ የሚጠቅመው የታደሰ ሲሆን ነውና፣ በየሳምንቱ የሚታደሰው ደግሞ የስልኩ ነው። ይሁን እንጂ የታደሰ ካርታ ሁሉ እውነተኛ ካርታ ነው ብሎ ማመን ነፍስ ያስከፍላል።

ካርታው ሲዋሽ

በታኅሣሥ 2012 በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍል ፖሊስ ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያ ዓመት የወጣው የአፕል ካርታ ሚልዱራ የተባለችውን ከተማ ከእውነተኛ ቦታዋ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ በበረሃማ ብሔራዊ ፓርክ መካከል አስቀምጧት ነበር። ስልካቸውን አምነው የሄዱ ሰዎች ውሃ በሌለበት፣ ሙቀቱ እስከ 46 ዲግሪ ሊደርስ በሚችል ቦታ ቀርተው ፖሊስ አወጣቸው፤ አንዳንዶቹ አንድ ሙሉ ቀን ያህል ያለ ምግብና ያለ ውሃ ቈይተዋል። በዚያው ዓመትና በዚያው አገር ሦስት የጃፓን ተማሪዎች በተከራዩት መኪና ወደ አንዲት ደሴት ለመሄድ ሲፈልጉ መሣሪያቸው በባሕሩ ውስጥ መንገድ አለ አላቸው። ባሕሩ ሸሽቶ ስለ ነበረ በጭቃው ላይ ጀመሩ፤ ውሃው ሲመለስ ከመኪናው ወርደው በእግራቸው ወጡ፤ መኪናው ቀረ። በአሜሪካ የሞት ሸለቆ በሚባለው በረሃ ደግሞ ዛሬ ማንም የማይሄድባቸውን የጥንት የማዕድን ቈፋሪዎች መንገዶች መሣሪያዎቹ እንደ ደኅና ጐዳና እያሳዩ የሞት አደጋ በመድረሱ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች «በጂ.ፒ.ኤስ. መሞት» የሚል ስም አውጥተውለታል።

በእነዚህ ሁሉ ሳተላይቱ አልተሳሳተም። ሰዎቹ የት እንዳሉ መሣሪያው በትክክል ያውቅ ነበር፤ መንገዱ የት እንዳለ ነው ያላወቀው።

በለንደን የታክሲ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው «ዕውቀቱ» የሚባለውን ፈተና ማለፍ አለበት፤ ከቻሪንግ ክሮስ በስድስት ማይል ዙሪያ ያሉትን 25 ሺህ ያህል ጐዳናዎች በቃሉ ይይዛል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። በ2000 ኤሊኖር ማግዋየር የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር የእነዚህን ሾፌሮች አንጎል መርምረው፣ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል የኋለኛው ወገን ከሌላው ሰው የበለጠ መሆኑን፣ በሥራው ብዙ ዓመት በቈዩት ላይም ይበልጥ መግዘፉን አሳይተዋል። ሁለት ዓመት መሣሪያ እየተከተለ የነዳ ሾፌር አንድ ቀን ባትሪው ቢሞትበት የገዛ ከተማው ባዕድ ሊሆንበት ይችላል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ነጂነት በሚሠሩባት በዋሽንግተን ከተማ ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታወቀ ነው። ከተማይቱ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ተነሥታ በአራት ክፍል ተከፍላለች፤ ሰሜን ምዕራብ፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ምሥራቅ። ጐዳናዎቿም በፊደልና በቍጥር ይጠራሉ። ስለዚህ አንድ የጐዳና ስም ከአንድ በላይ በሆነ ክፍል ሊገኝ ይችላል። የክፍሉን ስም ሳያስገባ መሣሪያውን ያመነ አዲስ ሾፌር መንገደኛውን ከተማውን አሻግሮ ባልተፈለገ በር ላይ ያደርሰዋል። ነባሩ ሾፌር ግን መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት «በስተ የት በኩል ያለው?» ብሎ ይጠይቃል።

በስክሪኑ ላይ የተደረገው ስምምነት

የመኪና ፋብሪካዎች ስልኩ እንዳሸነፋቸው ሲያዩ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛው እርቅ ነው። ከ2014 ወዲህ በአፕል ካርፕሌይ፣ ከ2015 ወዲህ በአንድሮይድ ኦቶ አማካይነት የስልኩ ካርታ በመኪናው ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል፤ አእምሮው የስልኩ ነው፣ ፊቱ የመኪናው ነው። ለነጂው ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላየሁም። ሁለተኛው ግን እርቁን የሚያፈርስ ነው። በ2015 አውዲ፣ ቢ.ኤም.ደብልዩና ዳይምለር ተባብረው ሂር የተባለውን የካርታ ድርጅት ከኖኪያ ላይ ከሁለት ቢሊዮን ተኩል ዩሮ በላይ ከፍለው ገዙ፤ በ2023 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ በወደፊት የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ላይ ካርፕሌይን እንደሚያስቀር አስታወቀ። ነገሩ የካርታ ብቻ አይደለም፤ ሰው በየቀኑ የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቈም፣ ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ የሚያውቀው ማን ይሁን የሚል ጠብ ነው። ነጂው በዚህ ጠብ ውስጥ ማንም ሐሳቡን አልጠየቀውም።

ቤጂንግን የሚያውቅ ስክሪን በአዲስ አበባ

በእኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጐዳናዎች ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ባለፈው ክረምት ከመገናኛ ወደ ሳሪስ በወሰደኝ በእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ የቴሌቪዥን ያህል ስክሪን ነበረ፤ ከጎኑ ግን በመያዣ የተሰካ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ መንገድ ይመራል። «ጋሼ፣ ትልቁስ አይሠራም እንዴ?» ብዬ ሾፌሩን ጠየቅኋቸው። «እሱማ ይሠራል፤ የሚያውቀው ግን ቤጂንግን ነው። ሳሪስን የምታውቀው ይቺ ናት» አሉኝ ወደ ስልኩ እያመለከቱ። ነገሩ ከቋንቋውም ያልፋል። ለቻይና ገበያ የተሠራ ካርታ የሚያገለግለው የዚያን አገር መንገድ ነው፤ በነገራችን ላይ በዚያ አገር ሕግ መሠረት በካርታዎቻቸው ላይ ያሉ ቦታዎች ለአገር ደኅንነት ሲባል ሆን ተብሎ በመቶ ሜትሮች ያህል ፈቀቅ ይደረጋሉ።

በእኛ ከተማ ስልኩም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በአዲስ አበባ የቤት ቍጥር የተሰጠው በቀበሌ እንጂ በመንገድ ተራ ስላልሆነ በቍጥር ቤት ማግኘት ዘበት ነው። ሰው የሚጠራው «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በሁለተኛው ቅያስ፣ አረንጓዴ በር» እያለ ነው። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ራይድና እንደ ፈረስ ያሉት ሌሎች ድርጅቶች ይህን ችግር የፈቱት በስልኩ ካርታ ላይ በምትተከል ምልክት ነው፤ አድራሻ የሌለው ቤት በመጀመሪያ ጊዜ በነጥብ አድራሻ አገኘ። ቢሆንም ምልክቷ ከዋናው መንገድ አልፋ ወደ ጉራንጉሩ ስትገባ ስልክ መደወሉ አልቀረም፤ «የት ደረስክ? ሱቁን አለፍከው? ተመለስ» የሚለው ንግግር የጕዞው የመጨረሻ ክፍል ነው።

ከዚህ ሌላ የኢንተርኔት ነገር አለ። በእኛ አቈጣጠር ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ካርታውን በየደቂቃው ከመረብ የሚቀዳ ስልክ ባዶ ገጽ ብቻ ያሳይ ነበር። ሳተላይቶቹ ግን አልተቋረጡም፤ ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው እንደ ወትሮው መንገዱን ያይ ነበር። ዳሽቦርድ ውስጥ ያለው የድሮው ዲቪዲ፣ ዘመናዊው ስልክ የረሳውን አንድ ደኅና ጠባይ ይዞ ነበር ማለት ነው፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከራሱ ጋር ይዞ መሄድ።

ይህን ጠባይ ለስልክ መመለስ ገንዘብ አያስወጣም። ጉግል የአንድን አካባቢ ካርታ አውርዶ ለማስቀመጥ ይፈቅዳል። በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው፣ ፈቃደኞች በነፃ የሚሥሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የዓለም ካርታ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት በሚሠሩ እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ባሉ መተግበሪያዎች ይገኛል፤ የጐደለ መንገድ ያገኘ ሰውም ራሱ ሊጨምርበት ይችላል። ለመስክ ሥራ የሚላክ ሠራተኛ የሚሄድበትን አካባቢ ካርታ ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ በሰኞ ጧት ቢያወርድ፣ በሲጋራ መለኰሻው የሚሰካ የባትሪ መሙያ ቢይዝ፣ ከአስፋልቱ ወደ ጥርጊያው መንገድ ከመታጠፉ በፊትም ወርዶ «ወንዙ ያሻግራል ወይ?» ብሎ የአካባቢውን ሰው ቢጠይቅ ይበጀዋል። የዛሬ ሳምንቱን ዝናም በስልኩ ውስጥ ያለው ካርታ አያውቀውም።